«ጎበዝ ሹፌር ከሆንኩ የፍጥነት ገደቡ ምኔ ነው?»

ጥያቄ፦ «መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ 12 ዓመት ሆነኝ። አንድም አደጋ አድርሼ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ደግሞ የላቀ አሽከርካሪነት ሥልጠና ወስጃለሁ። መኪናዬ አዲስ ነው፤ ፍሬኑም አስተማማኝ ነው። ታዲያ 80 የሚል ምልክት ባለበት ጭር ያለ መንገድ ላይ 100 ብነዳ ችግሩ ምንድን ነው? ገደቡ የወጣው ለጀማሪና ለደካማ ሹፌር አይደለም ወይ? ሌላው ቢቀር ከባድ መኪና ለመቅደም ለጥቂት ሰከንድ ገደቡን ማለፍስ? ለመሆኑ አንድን ሰው የላቀ አሽከርካሪ የሚያሰኘው ምንድን ነው?»

መልስ፦

በግልጽ ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል። አሽከርካሪዎችን በማሠልጠን ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ይህን ሐሳብ በልቡ ይዞ የሚመጣ ሠልጣኝ ብዙ ነው። አውጥቶ የሚናገረው ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ እኔም ሳልሸፋፍን እመልሳለሁ።

ከራስዎ ቁጥር እንጀምር። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን እየሄዱ ነው ይበሉ። አንዱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 100። መንገዱ ደረቅ ነው። ጎማውም ፍሬኑም ደህና ነው። ሁለቱም ሹፌሮች እኩል ጎበዝ፣ እኩል ንቁ ናቸው። ድንገት ከፊታቸው አንድ ነገር መንገድ ላይ ወጣ። አይተው፣ ገብቷቸው፣ እግራቸው ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ወሰደባቸው እንበል። ይህ ለሹፌሩ ያዳላ ግምት ነው። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ከዚያ በላይ ይፈጅበታል።

በዚያች አንድ ሰከንድ ባለ 80ው 22 ሜትር፣ ባለ 100ው ደግሞ 28 ሜትር ያህል ሄዷል። ከዚያ ሁለቱም ፍሬን ይይዛሉ። ባለ 80ው በጠቅላላው 58 ሜትር ገደማ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባለ 100ው እዚያው ነጥብ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ይመስልዎታል? ሠልጣኞቼን ስጠይቅ አብዛኞቹ «20 ቢሆን ነው» ይሉኛል። ልዩነቱ 20 ስለነበር ማለት ነው። መልሱ ግን 68 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አንደኛው ነገሩን ሳይነካ ቆሟል። ሌላው በ68 ገጭቶታል።

ይህ የሆነው የመኪናው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ስለማያድግ ነው። በካሬ ነው የሚያድገው። ከ80 ወደ 100 ሲወጡ ፍጥነትዎ በ25 በመቶ ጨመረ። ፍሬንዎ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት ግን በ56 በመቶ ጨመረ። በዚያ ላይ መኪና ፍሬን ሲያዝ ፍጥነቱን አብዝቶ የሚጥለው መጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ነው። እነዚያ ሜትሮች ከሌሉዎት ኤቢኤስም (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የፍሬን ሥርዓት) ሆነ አዲስ ጎማ አያመጣልዎትም።

በከተማ ውስጥ ይህ ስሌት ይበልጥ ያስደነግጣል። በ30 የሚሄድ መኪና ከአንድ ሰከንድ መዘግየት ጋር በ13 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በ50 የሚሄደው በዚያው 13 ሜትር ውስጥ ገና ፍሬን አልነካም። ማለትም አንደኛው ሹፌር ቆሞ እግረኛውን በፊት መስታወቱ ሲያየው፣ ሌላው እግረኛውን በሙሉ 50 መትቶታል። ልብ ይበሉ፤ ሁለቱንም ሹፌሮች እኩል ጎበዝ አድርጌ ነው የወሰድኳቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ እንምጣ። ገደቡ ለደካማ ሹፌር ነው ወይ? ይህ በጣም የተለመደ ግምት ነው። ግን አይደለም።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 በፓርላማዋ ያጸደቀችው የመንገድ ደኅንነት አቅጣጫ የሚነሳው ከሹፌሩ ችሎታ አይደለም። ከሰው አካል ነው። እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ 30። መኪኖች በጎን ሊጋጩ በሚችሉበት መስቀለኛ መንገድ 50። አካፋይ በሌለውና ፊት ለፊት መጋጨት በሚቻልበት መንገድ 70። እነዚህ ቁጥሮች የሰው አጥንት፣ ጭንቅላትና የውስጥ አካል ምን ያህል ሊችል ይችላል ከሚለው የመጡ ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ይሳሳታል። ስሕተቱ ግን ሊገድለው አይገባም። ስለዚህ እርስዎ የዓለም ምርጥ ሹፌር ቢሆኑ እንኳ የእግረኛው ደረት ለእርስዎ ሲል አይጠነክርም። ገደቡ የተቆረጠው በእሱ ልክ ነው።

ከዚህ የቆየም ትምህርት አለ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1930 ለትናንሽ መኪኖች የፍጥነት ገደብን ጨርሰው አንስተውት ነበር። ሹፌሩ ራሱ ያመዛዝን ተባለ። በ1934 በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ከ7 ሺህ በላይ ሆነ። ያኔ የነበሩት መኪኖች ደግሞ ዛሬ ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ እፍኝ የማይሞሉ ናቸው። በ1935 ቤት በበዛባቸው አካባቢዎች በሰዓት 30 ማይል፣ ማለትም 48 ኪሎ ሜትር ያህል ገደብ ተመለሰ። ለሞቱ መብዛት ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። የመንገዱ ሁኔታ፣ የመኪናው ሥሪት፣ የሹፌሩ ሥልጠና ማነስ። ቢሆንም ሁሉም ለራሱ ያመዛዝን የሚለው ነገር ተሞክሮ ታይቷል።

ገደቡ አንድ ሌላ ሥራም አለው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ገደቡ ለሌሎች የሚሰጥ ቃል ነው። ከመጋቢ መንገድ ወደ ዋናው የሚወጣው ሹፌር እርስዎን ከሩቅ ያያል። ይደርሳል ወይስ አይደርስም ብሎ ይገምታል። ግምቱ የተመሠረተው በዚያ መንገድ ላይ መኪና ስንት ይሄዳል በሚለው ልማዱ ነው። ዓይናችን ርቀትን ደህና ይገምታል። ፊት ለፊት የሚመጣን ነገር ፍጥነት ሲገምት ግን ደካማ ነው። ልጅ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። መኪናው ሩቅ ከሆነ ይሻገራል፤ በቃ። እርስዎ በ100 ሲመጡ ያ ሰው በ80 ሒሳብ ገብቷል። ሥልጠና መውሰድዎን በምን ያውቃል?

ስለ 12 ዓመቱ አንድ ነገር ልበል። አደጋ አለማድረስዎ ትልቅ ነገር ነው፤ አላሳንሰውም። ግን ከባድ አደጋ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነገር ነው። በጣም መጥፎ ልማድ ያለውም ሰው ለዓመታት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። በተለይ ሌሎች ፍሬን እየያዙለት ከሆነ። የተሻለ መለኪያ ልንገርዎት። ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ፍሬን ድንገት ረግጠዋል? ስንት ጊዜ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብለዋል? ስንት ሹፌር ክላክስ ነፋብዎት? ሠልጣኝ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እነዚህን ነው።

ራሳችንን በመመዘን ሁላችንም ጥሩ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ከተጠየቁት አሜሪካውያን ተማሪዎች 93 በመቶው በማሽከርከር ችሎታ ራሳቸውን ከግማሹ በላይ አስቀምጠዋል። ይህ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው። ሰዎቹ ዋሽተው አይደለም። ከልባቸው እንደዚያ ያምናሉ።

እኔን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ነው። የመኪና እሽቅድምድም ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች በተራ መንገድ ላይ ያላቸውን መዝገብ ከሌሎች ሹፌሮች ጋር አነጻጸረ። እነዚህ ሰዎች መሪ አያያዝ፣ ፍሬን አጠቃቀም፣ የሚንሸራተት መኪና መመለስ ከማንም በላይ ያውቃሉ። መዝገባቸው ግን ከተራው ሹፌር የባሰ ሆኖ ተገኘ። አደጋውም ቅጣቱም በዝቶባቸዋል።

ይህን ነገር በሥራዬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሥልጠና ትርፍ ይሰጥዎታል። ቀድመው ያያሉ፣ ቀድመው ይወስናሉ፣ ለስሕተት የሚሆን ቦታ ያገኛሉ። ጥያቄው ያንን ትርፍ ምን ያደርጉበታል የሚለው ነው። ለራስዎ ቢያስቀምጡት ከሌሎች የተሻለ ደኅንነት አለዎት። በፍጥነት ከመነዘሩት ግን ከጀማሪው ጋር እኩል ይሆናሉ። ልዩነቱ እርስዎ ሲጋጩ በ100 መሆኑ ብቻ ነው።

እንግዲህ የላቀ አሽከርካሪ ማን ነው?

በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ አገር የተከተለው ዘዴ የመጣው ከእንግሊዝ ፖሊስ ነው። የለንደን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሄንደን ውስጥ የአሽከርካሪዎች ትምህርት ቤት ከፈተ። ያኔ የፖሊስ መኪኖች አደጋ በዝቶ ነበር። ትምህርቱን እንዲያሻሽል ከተጠሩት ሰዎች አንዱ ሎርድ ኮተናም ይባላል። እሽቅድምድም ይወዳደር የነበረ ሰው ነው። የሚገርመው ከእሽቅድምድም ዓለም መጥቶ የፍጥነት ትምህርት አለመስጠቱ ነው። ትምህርቱ ስለ ቅደም ተከተልና ስለ ትዕግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ሲቪሉም በዚህ ደረጃ የሚፈተንበት የላቁ አሽከርካሪዎች ተቋም እዚያው እንግሊዝ ተቋቋመ።

ዘዴው ዛሬ እንዲህ ነው። ከፊትዎ አደጋ ሊሆን የሚችል ነገር ባዩ ቁጥር፣ ኩርባ ይሁን መገናኛ ወይም የቆመ መኪና፣ በተራ ያስባሉ። መጀመሪያ መረጃ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ምን አለ? ከዚያ ቦታ፤ መኪናዬ መንገዱ ላይ የት ብትሆን ይሻላል? ከዚያ ፍጥነት። ከዚያ ለዚያ ፍጥነት የሚሆን ማርሽ። በመጨረሻ ነዳጅ። ፍሬን ኩርባው ውስጥ ገብተው ሳይሆን ቀድመው ይይዛሉ። ኩርባው ውስጥ እጅዎ መሪ ላይ ብቻ ይሠራል። ሲያዩት ምንም የተለየ ነገር የለውም። ተሳፋሪው ውሃ የያዘ ብርጭቆ ቢያቅፍ አይፈስበትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነ አንድ ደንብ አለ። ባዶ መሆኑን በሚያዩት ርቀት ውስጥ፣ በራስዎ መስመር ላይ መቆም በሚችሉበት ፍጥነት ብቻ ይንዱ። የላቀ አሽከርካሪ ፍጥነቱን የሚወስነው በዚህ ነው። ምልክቱ ላይ ያለው ቁጥር ጣሪያው ነው። ጭጋግ ባለበት ሌሊት 80 የሚል መንገድ ላይ 40 እንኳ ሊበዛ ይችላል።

ኩርባ ላይ ይህን ደንብ የሚሠሩበት መንገድ አለ። የመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ከሩቅ የሚገናኙ የሚመስሉበትን ነጥብ ይመልከቱ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አይታይም። ነጥቡ ወደ እርስዎ እየቀረበ ከመጣ ፍጥነትዎ በዝቷል፤ ይቀንሱ። እኩል ርቀት ጠብቆ ከሄደ ፍጥነትዎ ልክ ነው። እየሸሸ ከሄደ ኩርባው እየተከፈተ ነው፤ ቀስ ብለው ነዳጅ መስጠት ይችላሉ። እኔ ይህን ከተማርኩ በኋላ ነው ኩርባን በግምት መግባት ያቆምኩት።

ሁለት ሠልጣኞቼን ላንሳ። አንዱ እጁ የተባረከ ነበር። ማርሽ ሲቀይር አይሰማም። መሪ አያያዙ ያስቀናል። ፈጥኖም ነበር የሚነዳው። ግማሽ ሰዓት ከነዳን በኋላ ዳር ያዝ አልኩት። «የመጨረሻው ምልክት ምን ይላል? ከኋላችን የነበረው መኪና ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሁለቱንም አላወቀም። ገደቡ 50 ሆኖ በ70 ያልፍ የነበረው ደፍሮ አልነበረም። ምልክቱን አላየውም።

ሌላዋ ሴት ናት። ገና ስታያት ቀርፋፋ ትመስላለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትነዳ አንድ ጊዜ እንኳ ፍሬን አልረገጠችም። የምትይዘው በስሱ ነው፤ ያውም ቀድማ። አንድ ቦታ ላይ አውቶቡስ ቆሟል። ነዳጁን ለቀቀች። እኔ ምንም አላየሁም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ከአውቶቡሱ ሥር እግር አየሁ» አለችኝ። ሰውየው ከአውቶቡሱ ፊት ብቅ ሲል እኛ በእርምጃ ፍጥነት ላይ ነበርን። እጅ ነስቶን አለፈ። እሷ ዘንድ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ለእኔ ግን በዚያ ሳምንት ያየሁት ምርጥ አነዳድ እሱ ነበር።

እንዳይሳሳቱ፤ የላቀ ማለት ተንቀርፍፎ መሄድ አይደለም። በፈተናው ላይ መንገዱ ክፍት ሆኖ፣ ገደቡ 80 ሆኖ፣ ያለ ምክንያት በ50 የሚጎተት ሰውም ይወቀሳል። ወደ ገደቡ መድረስ በሚቻልበት ቦታ ይደርሳሉ። ማለፍ ግን የለም። ይህ ለብዙ ሠልጣኝ ከባድ የሚሆነው ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ስለሚፈልግ ነው።

አንዳንድ ቦታ ገደቡ ራሱ በደንብ ያልታሰበበት ሊሆን እንደሚችል አምናለሁ። ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ተለጥፎ አይቻለሁ። አንዳንዴ ምክንያቱ ከመሪው ኋላ ሆነው የማይታይ ነው፤ የተደበቀ መገናኛ ወይም የልጆች መሻገሪያ ይኖራል። አንዳንዴም በእርግጥ ስሕተት ነው። ያኔ የመንገድ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይቻላል። ቁጥሩ እስኪቀየር ድረስ ግን ሌሎች የሚያስቡት በተጻፈው ነው።

አሁን ወደ መቅደሙ። እዚህ ላይ ሒሳቡ በከፊል ከእርስዎ ጋር ነው፤ አልክድም። ከባድ መኪናው በ60 ይሄዳል እንበል። ከኋላው 30 ሜትር ርቀው ተነስተው፣ አልፈውት፣ 30 ሜትር ቀድመው ለመግባት፣ የሁለቱን መኪኖች ርዝመት ጨምሮ፣ ከእሱ 80 ሜትር ያህል ማትረፍ አለብዎት። በ80 ከሄዱ ከ14 ሰከንድ ትንሽ በላይ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ እርስዎ 320 ሜትር ይሄዳሉ። ከፊት በ80 የሚመጣም 320 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ 640 ሜትር ባዶ መንገድ ማየት አለብዎት። በ100 ከቀደሙ 7 ሰከንድ ይበቃል፤ የሚያስፈልገውም ርቀት ወደ 360 ሜትር ይወርዳል።

ታዲያ በ100 መቅደም አይሻልም ወይ? 360 ሜትር ብቻ እያየ የሚወጣ ሹፌር ሁሉም ነገር እንዳሰበው እንዲሆንለት እየተማመነ ነው። ከፊት የሚመጣው ልክ እንደ እሱ በ100 ቢሆንስ? ከባድ መኪናው ቁልቁለት አግኝቶ ቢፈጥንስ? ከፊቱ ሊገባበት ያሰበው ቦታ በሌላ መኪና ቢዘጋስ? መጠባበቂያውን አስቀድሞ ጨርሶታል። በዚህም ላይ በእንግሊዝም በሌሎች ብዙ አገሮችም ሕጉ ለመቅደም ሲባል ገደብ ማለፍን አይፈቅድም። እኔ የማስተምረው በ80 ሒሳብ ማቀድን ነው። 640 ሜትር ካልታየኝ አልወጣም። የምጠብቀውስ ምን ያህል ነው? አሥር ኪሎ ሜትር ሙሉ ከኋላው ብጎተት እንኳ በ60 10 ደቂቃ፣ በ80 ደግሞ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። የምከፍለው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው።

ሥልጠናውን ስለወሰዱ አንድ ልምምድ ልስጥዎት። በሥልጠናው ሠርተውት ይሆናል። ነገ ሲነዱ ለአሥር ደቂቃ ያህል የሚያዩትን ጮክ ብለው ይናገሩ። «ከፊት ኩርባ አለ። ከኋላ ቀይ መኪና ቀርቦኛል። በስተቀኝ ልጅ ኳስ ይዟል። ገደቡ 50 ሆኗል።» እንዲህ እያሉ። በገደቡ ውስጥ ሆነው ምላስዎ ከዓይንዎ ጋር እኩል ይሄዳል። ከዚያ በላይ ሲሆን ንግግሩ መቆራረጥ ይጀምራል። ከፊትዎ ያለው ነገር ሳይጠሩት ያልፍዎታል። ያለፈዎትን ይቁጠሩትና፣ ከፈቀዱ፣ ቁጥሩን ጽፈው ይላኩልኝ። ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።